ጥናቱ ምን ያህል ያስተማምናል? ለነርሶች የማስረጃ ምዘና መመሪያ፣ በእትብት እንክብካቤ ምሳሌነት

አንዲት አራስ ከማዋለጃ ክፍል ልትወጣ ስትል "እትብቱን ምን ላድርገው?" ብላ ትጠይቃለች። አንዷ ነርስ "ምንም አትቀቢው፣ ንጹሕና ደረቅ ይሁን" ትላታለች። በሚቀጥለው ተረኛ ሰዓት የገባችው ነርስ ደግሞ የክሎርሄክሲዲን (የጀርም መግደያ) ቅባት ትሰጣታለች። ሁለቱም "ጥናት አለ" ሊሉ ይችላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የምዘና ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ የትኛው ጥናት፣ ስለየትኛው ውጤት፣ ለየትኛው ሕፃን ነው የሚናገረው?

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለአልጋ ቁስልም፣ ለሽንት ካቴተርም፣ ለሕመም ምዘናም ያገለግላል። የእትብትን ጉዳይ የመረጥነው ጥናቶቹ ትልልቅ ስለሆኑ፣ ውጤታቸውም እርስ በርሱ ስለሚጋጭ ነው። የሚስማሙ ጥናቶችን መመዘን ብዙም አያስተምርም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከማንበባችሁ በፊት ጻፉ

በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገሮችን አስቀምጡ፦ ታካሚው ማን ነው፣ ምን ይደረግለታል፣ ከምን ጋር ይነጻጸራል፣ ምን ውጤት እንጠብቃለን። "ክሎርሄክሲዲን ይጠቅማል ወይ?" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። "በጤና ጣቢያ ተወልዶ በማግስቱ ወደ ቤት ለሚሄድ ጨቅላ ሕፃን፣ 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ለ7 ቀን መቀባት ከደረቅ እንክብካቤ ጋር ሲነጻጸር በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰውን ሞትና የእትብት ኢንፌክሽን ይቀንሳል ወይ?" ሲባል ግን መልስ መፈለግ ይቻላል።

ውጤቶቹን በክብደት ደርድሩ። ሞት ከሁሉ ይቀድማል፣ ከባድ ኢንፌክሽን ይከተላል። እትብቱ የሚወድቅበት ቀን ለእናቲቱ ያሳስባታል፤ ክሎርሄክሲዲን ደግሞ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ይግባ እንጂ ከሞት ጋር እኩል አይታይም። ከእትብቱ ላይ በላቦራቶሪ የተገኘ የባክቴሪያ ብዛት መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ባክቴሪያው ቀነሰ ማለት ሕፃኑ ተረፈ ማለት አይደለም። ይህን ድርደራ አስቀድማችሁ ካልሠራችሁ፣ ጽሑፉ በጎላ ፊደል ያስቀመጠው ውጤት የእናንተም ዋና ውጤት ሆኖ ቁጭ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ከላይ ወደ ታች ፈልጉ

መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅትና የጤና ሚኒስቴር መመሪያ፣ ከዚያ ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ ያሉትን ጥናቶች ሁሉ ፈልጎ የሚያጠቃልል ጽሑፍ)፣ ከዚያ ነጠላ ጥናቶች። እንዲህ ያሉ ሪቪውዎች የሚገኙበት የኮክሬን ላይብረሪ ዋናው መነሻ ነው። ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ በነጻ ይገኛል፤ ሙሉውን ጽሑፍ ለማግኘት ደግሞ የሆስፒታላችሁን ወይም የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት የሂናሪ (ለታዳጊ አገሮች የጤና መጽሔቶችን የሚከፍት ፕሮግራም) መግቢያ ጠይቁ። ጂማ ዩኒቨርሲቲ ጄ.ቢ.አይ. የተባለው ዓለም አቀፍ የማስረጃ ተቋም ማዕከል አለው፤ ጄ.ቢ.አይ. የሚያወጣቸው የምዘና ቅጾች በጥናት ዓይነት የተለያዩ ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻሉ።

ማጠቃለያውን ብቻ አንብባችሁ አትመዝኑ። ማጠቃለያ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ቃል አይበልጥም፤ የተቋረጡ ተሳታፊዎች፣ የተለወጠ ዕቅድ፣ በጎን የተገኘ ጉዳት እዚያ አይገቡም። ቀጥታ ወደ ዘዴው ክፍልና ወደ ሰንጠረዦቹ ሂዱ።

ደረጃ 3፦ የጥናቱን ዓይነት ከአርእስቱ ሳይሆን ከዘዴው ለዩ

ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። ሕክምናውን ማን እንዲያገኝ የወሰነው ማን ነው? ዕጣ ከሆነ ሙከራ ነው፤ ሐኪሙ፣ ነርሷ ወይም እናቲቱ ከሆኑ ምልከታ ነው። ምክንያቱና ውጤቱ የተለኩት በአንድ ጊዜ ነው ወይስ አንዱ ቀድሞ? በአንድ ጊዜ ከሆነ ክሮስ ሴክሽናል ነው።

በአገራችን የነርሲንግ ጥናቶች ውስጥ በብዛት የምታገኙት ይሄንኑ ክሮስ ሴክሽናል ነው። የናሙናው ቁጥር 422 ወይም 423 ሆኖ ስታዩት ከየት እንደመጣ ዕወቁ። ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ተብሎ ሲገመት፣ የ5 በመቶ ስሕተትና የ95 በመቶ መተማመኛ ሲወሰድ ቀመሩ 384 ወይም 385 ይሰጣል፤ ምላሽ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲታከልበት እዚያ ይደርሳል። ቁጥሩ የተሰላው አንድ ነገር ምን ያህል እንደተስፋፋ ለመገመት ነው። "ምን ምን አመጣው?" ለሚለው ጥያቄ ማንም አላሰላውም። እንዲህ ያለ ጥናት ስንት እናቶች እትብት ላይ ቅቤ እንደሚቀቡ ለማወቅ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ክሎርሄክሲዲን ሕይወት ማትረፉን ለማወቅ ግን ደካማ ነው። ለምሳሌ ቅባት የተጠቀሙ ሕፃናት ላይ ኢንፌክሽን በዝቶ ቢገኝ፣ እናቶቹ ቅባቱን ያነሡት እትብቱ መቅላት ከጀመረ በኋላ ሊሆን ይችላል። የቱ እንደቀደመ ጥናቱ አይነግራችሁም።

በነዚሁ ጥናቶች ውስጥ አጀስትድ ኦድስ ሬሾ (ሌሎች ምክንያቶች ከታሰቡ በኋላ የሁለት ቡድኖች ኦድስ ንጽጽር፤ ኦድስ ማለት ውጤቱ የታየባቸው ላልታየባቸው ሲካፈል ነው) 2.25 ተብሎ ከተጻፈ "2.25 ጊዜ ይበልጣል" ብላችሁ አትተርጉሙት። በአንዱ ቡድን ውጤቱ 60 በመቶ፣ በሌላው 40 በመቶ ላይ ቢታይ ዕድሉ የሚበልጠው በ1.5 እጥፍ ነው። ኦድስ ሬሾው ግን 60 ለ40 ሲካፈል 1.5፣ 40 ለ60 ሲካፈል 0.67፣ የሁለቱ ንጽጽር 2.25 ይሆናል። ውጤቱ ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ የተለመደ ሲሆን ኦድስ ሬሾ ያጋንናል።

ስለ ልምድና ስለ አመክንዮ አንድ ነገር መባል አለበት፣ ምክንያቱም በዋርድ ውስጥ ከሁሉም የሚሰማው ድምፅ እሱ ነው። ደም ዝውውሩ የተዳከመ ትኩሳታም ሕፃን ፈሳሽ በፍጥነት ቢሰጠው እንደሚጠቅመው በፊዚዮሎጂ ሲታይ ግልጽ ይመስላል። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተካሄደውና በ2011 የታተመው ፊስት የተባለው ጥናት 3,141 ሕፃናትን በዕጣ መደበ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈጣን ፈሳሽ ካገኙት 10.6 በመቶ (አልቡሚን) እና 10.5 በመቶ (ሳላይን) ሞቱ፤ ፈጣን ፈሳሽ ካላገኙት ደግሞ 7.3 በመቶ። ለዓመታት በቀና ልብ ሲሠራበት የነበረ አሠራር፣ ቢያንስ በዚያ ሁኔታ፣ ሞትን ይጨምር ነበር። ይህንኑ ጥናት በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ላይ መጥቀስ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ጋስትሮኢንተራይተስና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በጥናቱ አልተካተቱም።

ደረጃ 4፦ የሙከራውን ስፌት ፈትሹ

ዕጣ ወጥቷል መባሉ ብቻውን አይበቃም። በአልጋ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ፣ በመጡበት ቀን ወይም በካርድ ቁጥር መመደብ ዕጣ አይደለም፤ መዳቢዋ የሚቀጥለው ሰው የት እንደሚገባ አስቀድማ ስለምታውቅ ደከም ያለውን ሕፃን ሳታስበው ወደ አንዱ ወገን ልታሳልፍ ትችላለች። ምደባው በኮምፒዩተር ወጥቶ በታሸገ ፖስታ ወይም በስልክ ከተያዘ ይህ በር ይዘጋል። ሰንጠረዥ 1 ላይ የሁለቱ ቡድኖች ክብደት፣ የእርግዝና ሳምንትና የወሊድ ቦታ መመጣጠኑን ተመልከቱ።

ቀጥሎ ማን ምን እንደተሰጠው የሚያውቀው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ቅባት ከደረቅ እንክብካቤ ጋር ሲነጻጸር መደበቅ አይቻልም። ጉዳቱ ግን በውጤቱ ዓይነት ይለያያል። ሞት በመዛኙ ስሜት አይለወጥም። "ትንሽ ቀልቷል" ወይም "መግል ይመስላል" የሚለው ግን ይለወጣል። ስለዚህ በአንድ ጥናት ውስጥ የሞት ውጤቱን አምናችሁ የኢንፌክሽኑን ውጤት መጠራጠር ትችላላችሁ። ምዘና ለጽሑፉ በጠቅላላ የሚሰጥ ውጤት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ውጤት ለየብቻ ይሰጣል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ።

ከክትትል የጠፉትን ቁጠሩ። ብዙ መጻሕፍት "ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ደህና ነው" ይላሉ፤ ይህ መለኪያ ያታልላል። የጠፉትን ከሞቱት ቁጥር ጋር አነጻጽሩ። በአንድ ወገን 20፣ በሌላው 30 ሕፃናት ሞተው 60 ከጠፉ፣ ከጠፉት ውስጥ ጥቂቶቹ ቢሞቱ መደምደሚያው ይገለበጣል፣ ምንም እንኳ ጠቅላላው 5,000 ሕፃናት ቢሆኑ። እኛ አገር አራስ ለመታረስ ወደ እናቷ ቤት ስለምትሄድ መጥፋት የተለመደ ነው።

ሦስት ነገር ቶሎ ቶሎ ተመልከቱ። ሁሉም ሰው በተመደበበት ቡድን ነው የተቆጠረው ወይስ ሕክምናውን በትክክል የተከተለ ብቻ? ዕጣው የወጣው ለሰው ነው ወይስ ለቀበሌ? ለቀበሌ ከሆነ ስሌቱ ያንን ማገናዘብ አለበት፤ ካላገናዘበ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ውጤት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከእውነቱ የጠበበ ይሆናል። ጥናቱ ቀድሞ ቆሟል? ጥቅም ስለታየ ቀድሞ የቆመ ጥናት ጥቅሙን አጋንኖ የማሳየት ዝንባሌ አለው።

ስለ ንዑስ ቡድን የኔፓሉ ጥናት (2006) ጥሩ አስተማሪ ነው። እትብታቸው በክሎርሄክሲዲን በጸዳላቸው ሕፃናት ላይ ሞት ደረቅ እንክብካቤ ካገኙት በ24 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ሪስክ ሬሾው (የአንዱ ቡድን የመሞት ዕድል ለሌላው ሲካፈል) 0.76፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ0.55 እስከ 1.04። ክልሉ "ልዩነት የለም" ማለት የሆነውን 1ን ስለሚያልፍ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የተመዘገቡት ብቻ ሲታዩ ግን 34 በመቶ ቀንሷል፤ ከ0.46 እስከ 0.95። በየስብሰባው የሚጠቀሰው ሁለተኛው ቁጥር ነው። አሳማኝ ምክንያት አለው፣ ቶሎ የጀመረ የበለጠ ይጠቀማልና፤ ሆኖም የንዑስ ቡድን ውጤት በሌላ ጥናት እስኪደገም ድረስ ጥቆማ ነው። ከባድ የእትብት ኢንፌክሽን በ75 በመቶ መቀነሱ ግን (ከ0.12 እስከ 0.53) በንዑስ ቡድን ላይ አልተንጠለጠለም።

ደረጃ 5፦ በመቶኛውን ወደ ሰው ቁጥር መልሱ

የባንግላዴሹን ጥናት (2012) ውሰዱ። አንድ ጊዜ ብቻ በክሎርሄክሲዲን የጸዱት ላይ ከ1,000 ሕፃናት 22.5 ሞቱ፤ ደረቅ እንክብካቤ ባገኙት 28.3። ሪስክ ሬሾው 0.80 ነው፣ "በ20 በመቶ ቀነሰ" ይባላል። አሁን ቀንሱ፦ 28.3 ሲቀነስ 22.5 ከ1,000 ሕፃናት 5.8 ነው። 1,000ን ለ5.8 ስታካፍሉ 172 ይሆናል። አንድ ሞት ለመከላከል 172 ሕፃናትን ማጽዳት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጎን ለጎን ሌላ አስቀምጡ። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ አምስት ሆስፒታሎች የተካሄደው የ2021 ጥናት፣ ከ1 ኪሎ እስከ 1.799 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት ወዲያው እንደተወለዱ የካንጋሮ እንክብካቤ ሲጀመርላቸው ሞት 12.0 በመቶ፣ ከተረጋጉ በኋላ ሲጀመርላቸው 15.7 በመቶ መሆኑን አሳየ። ቅነሳው 25 በመቶ ገደማ ነው፣ ከባንግላዴሹ 20 በመቶ ብዙም አይርቅም። ግን ልዩነቱ ከ100 ሕፃናት 3.7 ስለሆነ፣ አንድ ሞት ለመከላከል የሚያስፈልጉት 27 ሕፃናት ናቸው። ትንሽ ሆነው የተወለዱት መነሻ አደጋቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ያው በመቶኛ ብዙ ሕይወት ያተርፋል። (ይህም ጥናት ቀድሞ የቆመ ነው። እናቶቹም ከሕፃናቱ ጋር በጽኑ ሕሙማን ክፍል አብረው ስለነበሩ፣ ጥቅሙ ከቆዳ ለቆዳ ንክኪው ብቻ ነው ወይስ እናት በመገኘቷም ጭምር የሚለውን መለየት ያስቸግራል።)

ኮንፊደንስ ኢንተርቫልን በሁለቱም ጫፍ አንብቡት። የባንግላዴሹ ከ0.65 እስከ 0.98 ነው። በጥሩው ጫፍ ከ1,000 ወደ 10 ሕፃናት ይተርፋሉ፣ በደካማው ጫፍ አንድ እንኳ አይሞላም። "በደካማው ጫፍ ቢሆንስ እናደርገው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በሁለቱ ጫፎች ከተለያየ ግምቱ ለውሳኔ እጅግ ሰፊ ነው። ፒ ቫልዩ (በእውነት ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) ከ0.05 በታች መሆኑ ይህን አይነግራችሁም፣ ከ0.05 በላይ መሆኑም "አይጠቅምም" ማለት አይደለም።

ደረጃ 6፦ ጥናቶቹን አንድ ላይ አስቀምጡ

እዚህ የምንጠቀመው ግሬድ የተባለውን የማስረጃ ጥንካሬ መመዘኛ አካሄድ ነው። በዕጣ የተሠራ ማስረጃ ከ"ከፍተኛ" ይነሣል፣ የምልከታ ጥናት ከ"ዝቅተኛ"። ከዚያ በአምስት ምክንያት ይወርዳል፦ የአሠራር ጉድለት፣ የውጤቶች አለመጣጣም፣ ከጥያቄያችን ጋር በቀጥታ አለመገናኘት፣ የግምቱ መስፋት፣ ያልታተሙ ጥናቶች መኖር። የምልከታ ማስረጃ ውጤቱ እጅግ ግዙፍ ከሆነ፣ መጠን ሲጨምር ውጤቱም ከጨመረ ወይም ሊያዛባ የሚችለው ነገር ሁሉ በተቃራኒው አቅጣጫ ከሆነ ከፍ ሊል ይችላል። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ እጅግ ዝቅተኛ።

የእትብቱን ማስረጃ በዚህ እንየው። የፓኪስታኑ ጥናት (2012) ሞት በ38 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በባንግላዴሽ አንድ ጊዜ ማጽዳት ሞትን ቀነሰ፤ ለ7 ቀን ማጽዳት ግን ግልጽ ቅነሳ አላሳየም (0.94፣ ከ0.78 እስከ 1.14)። ብዙ የተሰጠው ከትንሹ ያነሰ ሲጠቅም ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ዕድል ሊሆን ይችላል፣ ግን "በበዛ ቁጥር ይሻላል" የሚለውን አይደግፍም። ከዚያ በ2016 ሁለት የአፍሪካ ጥናቶች መጡ። በፔምባ ደሴት፣ ታንዛኒያ፣ ከ1,000 ሕፃናት ክሎርሄክሲዲን ካገኙት 10.5፣ ደረቅ እንክብካቤ ካገኙት 11.7 ሞቱ (0.90፣ ከ0.74 እስከ 1.09)። በዛምቢያ 15.2 ለ13.6፣ ያውም ክሎርሄክሲዲን ባገኙት ከፍ ብሎ (1.12፣ ከ0.88 እስከ 1.44)።

የኔፓሉን ጨምሮ አምስቱን ጥናቶች ጨፍልቆ አንድ አማካይ ማውጣት ይቻላል፤ አማካዩ ግን የማንንም ሕፃን አይወክልም። አለመጣጣም ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ። የእስያዎቹ ሕፃናት በአብዛኛው ቤት የተወለዱ፣ መነሻ ሞታቸውም ከፍ ያለ ነበር። በዛምቢያና በፔምባ ብዙዎቹ በጤና ተቋም ተወልደዋል፣ መነሻ ሞቱም ዝቅ ያለ ነበር። ምክንያቱ አሳማኝ ስለሆነ ማስረጃውን ለሁለት ከፍሎ መመዘን ይሻላል። የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ሞት በከፋበት አካባቢ ቤት ለተወለዱ፣ ለሞት ውጤት መካከለኛ፤ በጤና ተቋም ለተወለዱ፣ ግምቱ ሁለቱንም ወገን ስለሚነካ ዝቅተኛ። ሌላ መዛኝ በአንድ ደረጃ ሊለይ ይችላል፤ ምክንያቱን እስከጻፈ ድረስ ችግር የለም።

ደረጃ 7፦ ወደ ራሳችሁ ዋርድ አምጡት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ክሎርሄክሲዲንን የመከረው ከ1,000 ጨቅላ ሕፃናት 30 እና ከዚያ በላይ በሚሞቱበት አካባቢ ቤት ለተወለዱ ነበር። በ2022 ለወጠው፦ ንጹሕና ደረቅ እንክብካቤ ለሁሉም፤ ክሎርሄክሲዲን በመጀመሪያው ሳምንት እንደ እበት ያለ ጎጂ ነገር እትብት ላይ መቀባት በተለመደበት አካባቢ ብቻ። የድሮውን መመሪያ የያዘ ፖስተር ግድግዳ ላይ ካለ ይህን አስተውሉ።

በኢትዮጵያ የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የጨቅላ ሕፃናት ሞትን ከ1,000 በ29 አስቀምጧል፤ ከድሮው መስመር ጥግ ላይ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በጤና ተቋም የሚወልዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 48 በመቶ ደረሱ። ስለዚህ የአገር አማካይ ለአንዲት እናት መልስ አይሰጥም። የሚሰጠው የእናቲቱ ቃል ነው። ከመውጣቷ በፊት "ቤት ስትገቢ እትብቱ ላይ ምን ይደረግበታል? ማን ነው የሚንከባከበው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አያትየዋ አብራ ካለች እሷንም። ቅቤ ወይም ሌላ ነገር እንደሚቀባ ካወቃችሁ የክሎርሄክሲዲን ጉዳይ ሌላ መልክ ይይዛል፣ ጎጂውን ልማድ የሚተካ ነገር ይሆናልና።

ጉዳትንም ከጥቅሙ እኩል መዝኑ። 7.1 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ዳይግሉኮኔት ማለት 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች አታምታቱ። ቅባቱ በስሕተት ዓይን ውስጥ ተጨምሮ ሕፃናት ለዓይነ ስውርነት ጭምር የተዳረጉባቸው አጋጣሚዎች በአፍሪካ አገሮች ተመዝግበዋል። የዓይን ቅባትና የእትብት ቅባት በተመሳሳይ ቱቦ ከተሰጡ፣ እናቲቱ በእጇ ይዛ የቱ ለምን እንደሆነ ደግማ እንድትነግራችሁ አድርጉ። እንዲህ ያለው ጉዳት በሙከራ ላይ እምብዛም አይታይም። ለምሳሌ በኔፓሉ ጥናት የሚያጸዱት የሰለጠኑ ሠራተኞች ነበሩ።

ማስረጃው ጠንካራ ቢሆንም ምክሩ ደካማ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋው፣ አቅርቦቱና የእናቶች ምርጫ ስለሚገቡበት። በተቃራኒውም ይሆናል።

ደረጃ 8፦ በአንድ ገጽ ጻፉና ቃላችሁን መጥኑ

ከላይ ጥያቄው፣ ከሥሩ ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ መስመር፦ ስንት ጥናት፣ ስንት ሕፃን፣ ከ1,000 ምን ያህል ልዩነት ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ደረጃው፣ ለምን እንደወረደ። አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ልክ አለው፣ ተጠቀሙበት። ማስረጃው ከፍተኛ ሲሆን "ይቀንሳል"፤ መካከለኛ ሲሆን "ሳይቀንስ አይቀርም"፤ ዝቅተኛ ሲሆን "ሊቀንስ ይችላል"፤ እጅግ ዝቅተኛ ሲሆን "ይቀንስ አይቀንስ እርግጠኛ መሆን አይቻልም"። "ጥናት አረጋግጧል" የሚለውን ሐረግ ከገጹ አውጡት።

ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይመዝኑ፣ ከዚያ የተለያዩበትን መስመር ብቻ አንሥተው ይወያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይጨመር። የዋርዱን አሠራር አንድ ነርስ ብቻዋን አትለውጥም፤ ገጹ ወደ ዋና ነርሷና ወደ ጥራት ማሻሻያ ኮሚቴው ይሂድ። ግርጌው ላይ ፍለጋው የተደረገበትን ቀንና እንደገና የሚታይበትን ቀን አስፍሩ።